የዲዮክለስ ድንጋይ እና ስማቸው የተቀረጸ ፈረሶች

በ146 ሮም ውስጥ አንድ ረጅም ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ተቀረጸ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚናገረው ስለ አንድ ሰረገላ ነጂ ነው። ስሙ ጋዩስ አፑሌዩስ ዲዮክለስ ይባላል። ጽሑፉ ሙሾ የለበትም፤ ጸሎትም የለበትም። ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። ስንት ጊዜ ተወዳደረ፣ ስንቱን አሸነፈ፣ ስንቴ ሁለተኛ ወጣ፣ ምን ያህል ተሸለመ፣ ከእሱ በፊት የነበሩትን በምን በለጣቸው። ሁሉም ተቆጥሮ ተጽፏል።

ይህን ድንጋይ ዛሬ የሚያውቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው በገንዘቡ ነው። የዲዮክለስ ጠቅላላ ሽልማት 35,863,120 ሰስተርስ ነበር፤ ሰስተርስ የሮም ገንዘብ ነው። እውነትም ብዙ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተራ የሮም እግረኛ ወታደር በዓመት የሚከፈለው 1,200 ሰስተርስ ነበር። ሒሳቡን ብንሠራው የዲዮክለስ ሽልማት ወደ 30,000 ለሚጠጉ ወታደሮች የአንድ ዓመት ደመወዝ ይሆናል። ለዚህ ነው ስሙ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሀብት የሚሆነው።

እኔ ድንጋዩን በሌላ በኩል ማንበብ እፈልጋለሁ። ጽሑፉ ውስጥ የሰው ስም ብቻ አይደለም ያለው። ፖምፔያኑስ፣ ኮቲኑስ፣ አቢጌዩስ የሚባሉ አሉ። እነዚህ ፈረሶች ናቸው። ሮማውያን ፈረስን ምን ያህል ያከብሩ፣ ምን ያህልም ይጨርሱት እንደነበር ከዚህ ድንጋይ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን ማስረጃ ጥቂት ነው። የዲዮክለስ ክብር የተሠራው በፈረሶቹ ጉልበት ነው፤ ይህን ደግሞ ድንጋዩ ራሱ አይደብቅም።

ሰውየውና ቁጥሩ

ዲዮክለስ የሉሲታኒያ ሰው ነበር። ሉሲታኒያ የዛሬዋ ፖርቱጋልና ከስፔን የተወሰነ ክፍል ማለት ነው። በ122፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለነጭ ቡድን ሰረገላ መንዳት ጀመረ፤ የሮም የሰረገላ ቡድኖች የሚጠሩት በቀለም ነበር። የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ124 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያሸንፍ ቆየ ማለት ነው። በ128 ወደ አረንጓዴ ተዛወረ። በ131 ደግሞ ወደ ቀይ ሄደ፤ ትልቁን ስሙን የሠራውም ከቀዮቹ ጋር ነው። በ24 ዓመት የሥራ ዘመኑ 4,257 ጊዜ ተወዳድሯል። 1,462 ጊዜ አሸንፏል። ሥራውን ሲጨርስ ዕድሜው 42 ዓመት ከ7 ወር ከ23 ቀን ነበር።

42 ዓመት ለዚህ ሥራ እጅግ ትልቅ ዕድሜ ነው። ክሬሴንስ የተባለ የሰማያዊ ቡድን ነጂ ነበር፤ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከሙሮች ወገን። የመጀመሪያ ድሉን በ115 ሲያገኝ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። 686 ጊዜ ተወዳድሮ 47 ጊዜ አሸነፈ፤ 1,558,346 ሰስተርስም ተሸለመ። በ22 ዓመቱ ሞተ። የእሱ ሒሳብ የተዘጋው በ124 ነው፤ ዲዮክለስ የመጀመሪያ ድሉን ባገኘበት በዚያው ዓመት። ከዚያ ቀደም ብሎ ሮምን ያስጮኸው ስኮርፑስም 2,048 ድል ይዞ ገና ሰላሳ ሳይሞላው ነው የተቀበረው።

ክሬሴንስን ያነሳሁት ለሐዘን ብቻ አይደለም። የእሱም ጽሑፍ የመጀመሪያውን ድል ሲያነሳ አራቱን ፈረሶች በስም ይጠራል፦ ኪርኪዩስ፣ አኬፕቶር፣ ዴሊካቱስ፣ ኮቲኑስ። በሮም ሕግ ዓይን ሰረገላ ነጂ የተናቀ ሰው ነበር፤ ብዙዎቹም ባሮች ወይም ነጻ የወጡ ባሮች ነበሩ። ያም ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመት ሕይወት ውስጥ መጻፍ ያለበት ነገር ሲመረጥ የአራት ፈረሶች ስም አልቀረም። ያቺን የመጀመሪያ ድል ያለ እነሱ መተረክ አይቻልም ነበር።

ሜዳው

ውድድሩ የሚካሄደው በፓላቲንና በአቬንቲን ኮረብቶች መካከል በተንጣለለው በሰርከስ ማክሲመስ ነበር። ሜዳው 600 ሜትር ያህል ይረዝማል። ንጉሠ ነገሥት ትራጃን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በድንጋይ አሳድሶት ስለነበር ዲዮክለስ የሮጠው በአዲሱ፣ በግርማው ሜዳ ላይ ነው። ከ150,000 ያላነሰ ሰው ይይዝ ነበር። መሐል ለመሐል ረጅም ግንብ አለ፤ በላዩ ላይ አውግስጦስ ከግብፅ ያስመጣው ሐውልት ቆሟል። ዙሩን ለሕዝቡ የሚያሳዩት በእንቁላልና በዶልፊን ቅርጽ የተሠሩ መቁጠሪያዎች ነበሩ። አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዱ ይነሳል ወይም ይገለበጣል።

ሰረገሎቹ ከ12 በሮች ይወጣሉ። የበዓሉ አዛዥ ነጭ ጨርቅ ሲጥል በሮቹ ባንዴ ይከፈታሉ። ሰባት ዙር ነው የሚሮጠው፤ ባጠቃላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቡድኖቹ አራት ናቸው፦ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰረገላ ያሰልፋል። ከሁሉም የሚከበረው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰረገላ ብቻ ያሰለፈበት ውድድር ነው፤ እዚያ ላይ የቡድን ጓደኛ መንገድ አይዘጋልህም፣ ተቃዋሚህንም አያዳክምልህም። ከዲዮክለስ ድሎች 1,064ቱ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ይህን ቁጥር ድንጋዩ በኩራት ነው የሚያነሳው። ምክንያት አለው። በድል ብዛት ብቻ ዲዮክለስ አንደኛ አልነበረም። የአረንጓዴው ፖምፔዩስ ሙስክሎሱስ 3,559 ድል ነበረው። የሰማያዊው ፖንቲዩስ ኤፓፍሮዲቱስ እንኳ በ1,467 ድል በአምስት ይበልጠዋል። ኤፓፍሮዲቱስ ግን በነጠላ ሰረገላ ያሸነፈው 911 ጊዜ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ነገሩን በደንብ የሚያውቅ ነበር። የትኛው ድል ከየትኛው እንደሚከብድ ለይቶ ነው ያስቀመጠው።

የፈረሶቹ ድርሻ

ሰረገላው ቀላል እንጨት ነው፤ ብዙ ጊዜ በአራት ፈረስ ይጎተታል። ቀንበር የሚሸከሙት የመሐሉ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የዳርና የዳሩ ሁለት ፈረሶች የተያያዙት በገመድ ነው። ሩጫው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ የግራው ዳር ፈረስ በየመታጠፊያው ከድንጋዩ ምሰሶ ጋር ሊጋጭ ምንም ያህል አይቀረውም። ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰውነቱን አጥፎ፣ ጠባብ ማዕዘን መዞር አለበት። የቀኙ ዳር ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ሰፊውን ዙር በፍጥነት መጋለብ አለበት። የመሐሎቹ ሰረገላውን ያረጋጋሉ። አንዱ ከተሳሳተ አራቱም ይወድቃሉ።

ነጂው ዛቡን ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል። ክብደቱን ወደ ኋላ እየጣለ በሰውነቱ ነው የሚመራው። ቢወድቅ እንዳይጎተት ዛቡን የሚቆርጥበት ቢላ ይይዛል። ቢላዋ ለሰውየው ናት። ለፈረሶቹ እንዲህ ያለ ማምለጫ አልነበራቸውም፤ ሰረገላ ሲሰበር የሚበታተኑት እንጨትና ገመድ እግራቸው ውስጥ ነው የሚገቡት።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ጽሑፉ ድሎቹን በአሸናፊነት መንገድ ይከፋፍላቸዋል። 815ቱን ከመጀመሪያው መርቶ ነው ያሸነፈው። 502ቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነጥቆ። የቀሩት በሌላ በሌላ መንገድ የተገኙ ናቸው። አንባቢው ይህን እንደ ነጂው ብልሃት ብቻ ሊያየው ይችላል። እኔ የማየው ሁለት ዓይነት የፈረስ ቡድን ነው። ከበሩ ተተኩሶ ወጥቶ ሰባት ዙር መምራት አንድ ዓይነት ፈረስ ይፈልጋል። ስድስት ዙር ታግሶ በመጨረሻው ላይ የሚፈነዳ ጉልበት ሌላ ዓይነት ይፈልጋል። ዲዮክለስ ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ከፊቱ የቆመው ፈረስ የትኛው እንደሆነ ማወቁ ነው ትልቁ ችሎታው የሚመስለኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የድንጋዩ ክፍል ነው ከሁሉ የሚገርመኝ። ዲዮክለስ ዘጠኝ ፈረሶችን "ባለ መቶ" አደረገ ይላል። አንዱን ደግሞ "ባለ ሁለት መቶ"። መቶ ወይም ሁለት መቶ ድል ማለት ነው። ማዕረግ ነው፤ ለፈረስ የሚሰጥ ማዕረግ። ሰውየው ይህን ከራሱ ድሎች ጋር ጎን ለጎን ያስቆጥረዋል። ፈረስን ለዚያ ማዕረግ ማብቃት የነጂው ክብር ነበር።

ቀጥሎ ስሞቹ ይመጣሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኮቲኑስና ፖምፔያኑስ ቀንበር ሥር ሆነው 99 ጊዜ አሸነፈ ይላል። ዳር ላይ የነበሩት ፈረሶች የሌላ ነበሩ፤ ድሉ የተመዘገበው ግን በቀንበሩ ጥንዶች ስም ነው። ፖምፔያኑስ ብቻውን ከዲዮክለስ ጋር 152 ድል አለው። ጽሑፉ ይህን ሲያወሳ ከአረንጓዴው ፎርቱናቱስና ቱስኩስ ከተባለው ፈረሱ ጋር ያወዳድረዋል። ፎርቱናቱስ በቱስኩስ 386 ጊዜ አሸንፎ የ50,000 ሰስተርስ ሽልማት ዘጠኝ ጊዜ ወስዷል። ዲዮክለስ ደግሞ በፖምፔያኑስ 152 ድል ብቻ ይዞ የ50,000ውን አሥር ጊዜ፣ የ60,000ውን አንድ ጊዜ ወስዷል። ክርክሩን ልብ በሉ። የሚወዳደሩት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ሰውና ፈረስ አንድ ላይ ከሰውና ፈረስ ጋር ነው የሚመዘኑት።

እስቲ ይህን ፖምፔያኑስ በቁጥር እንየው። ዲዮክለስ በሥራ ዘመኑ የ50,000 ሰስተርስ ሽልማት 29 ጊዜ፣ የ60,000 ደግሞ ሦስት ጊዜ አግኝቷል። ከነዚህ 32 ታላላቅ ሽልማቶች 11ዱ በአንድ ፈረስ የመጡ ናቸው። ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል! ገንዘቡ ሲደመር 560,000 ሰስተርስ ነው። በሮም "ፈረሰኛ" ከሚባለው የከበርቴ መደብ ለመግባት የሚያስፈልገው ሀብት 400,000 ነበር። ፖምፔያኑስ በአሥራ አንድ ሩጫ ብቻ አንድን ሰው ከዚያ መደብ የሚያስገባ ገንዘብ አመጣ፤ ትርፍም ነበረው።

ሌላው ጎን ደግሞ አለ። ዲዮክለስ የተወዳደረው 4,257 ጊዜ ነው። አብዛኛው በአራት ፈረስ ከሆነ በፊቱ ተጠምደው የወጡት ፈረሶች በድግግሞሽ ሲቆጠሩ ወደ 17,000 ይጠጋሉ። ስማቸው የተጻፈው ጥቂት ናቸው። ከ1,351 ውድድሮች ላይ ምንም ሳያገኝ ተመልሷል፤ እነዚያን ሩጫዎች የጎተቱ ፈረሶችም ያንኑ ላብ አፍስሰዋል። ድንጋዩ ስለ እነሱ ዝም ይላል። ስም ያገኘው ያሸነፈ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዲዮክለስ ያለ አለንጋ ተወዳድሮ የ30,000 ሰስተርስ ሽልማት ማሸነፉን ጽሑፉ ለብቻው ያነሳዋል። ከዚያ በፊት ባልታየ ሁኔታ ሰባት ፈረስ አንድ ላይ ጠምዶ በአቢጌዩስ መሪነት 50,000 ማሸነፉንም እንዲሁ። ሰባት ፈረስ በጉልበት አይገዛም። ያለ አለንጋ የሚሮጥ ፈረስም ድምፅ የሚያውቅ፣ ሰውየውን የሚያምን ፈረስ ነው። በዚህ ምክንያት ዲዮክለስን ጨካኝ ነጂ ነበር ለማለት ይከብደኛል። ጨካኙ ሥራው ነበር።

ፈረሱ ራሱ ሲዋጋ

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል የእኛ ሰው። የሰርከስ ፈረስ ግን ይዋጋ ነበር። ትልቁ ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። በ47 ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ ባዘጋጀው ታላቅ በዓል ላይ ኮራክስ የተባለ የነጭ ቡድን ነጂ ገና ሲነሳ ከሰረገላው ተወረወረ። ፈረሶቹ አልቆሙም። መሪነቱን ያዙ። የተቃዋሚዎቻቸውን መንገድ እየዘጉ፣ እየተጋፉ፣ ጎበዝ ነጂ ቢኖራቸው የሚያደርጉትን ሁሉ አደረጉ። ሩጫውን ጨርሰው የመጨረሻው የኖራ መስመር ላይ ቆሙ። አሸነፉ።

ይህ ሊሆን የቻለው ፈረሶቹ ለረጅም ጊዜ ስለሚሠለጥኑ ነው። ያው ፕሊኒ እንደሚነግረን ፈረስ ለሌላ ሥራ በሁለት ዓመቱ ይጠመዳል፤ በሰርከስ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው አይወዳደርም። ሦስት ዓመት ተጨማሪ መኖ፣ ተጨማሪ ሥልጠና፣ ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው። ይህን የሚሸከሙት ቡድኖቹ ነበሩ። የየራሳቸው ጋጣ፣ አሠልጣኝ፣ የፈረስ ሐኪም፣ ሠራተኛ ነበራቸው። በሩጫው መሐል ውሃ የሚረጩ ነበሩ፤ ፈረስ ላይ ተቀምጠው እየጮኹ የሚያበረታቱም ነበሩ። ጋጣዎቹ የነበሩት በማርስ ሜዳ አካባቢ ነው። ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ የአረንጓዴ ቡድን ደጋፊ ስለነበር እራቱን በጋጣቸው ይበላ፣ እዚያው ያመሽ ነበር። አንድ ጊዜ ለነጂያቸው ለዩቲኩስ ሁለት ሚሊዮን ሰስተርስ ሸልሟል።

ፈረሶቹ የሚመጡት ከሩቅ ነው። ከሂስፓኒያ (ከዛሬዎቹ ስፔንና ፖርቱጋል)፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከቀጰዶቅያ፣ ከሲሲሊ። የዲዮክለስ አገር ሉሲታኒያ በፈጣን ፈረስ ስሟ የገነነ ስለነበር በዛሬዋ ሊዝበን አካባቢ ባዝራዎች ከነፋስ ይፀንሳሉ የሚል ወሬ የሮም ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ጽፈዋል። ጉዞው በመርከብና በእግር ነው፤ ብዙዎቹም አይደርሱም። በ400 አካባቢ ሲማኩስ የተባለ ሴናተር ለልጁ ሹመት በዓል ፈረስ ፍለጋ ወደ ሂስፓኒያ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ልኳል። ከተላኩለት ውስጥ መንገድ ላይ የሞቱም ነበሩ። ይህን ያህል ወጪና ሐሳብ የሚጠይቅ እንስሳ ጥቂት ነበር።

ከሰርከስ ውጭ የፈረስ ቦታ ጠበብ ያለ ነው። እርሻው የበሬ ነበር። ጭነቱ የበቅሎና የአህያ። ፈረስ ለጦርነት፣ ለአደን፣ ለመንግሥት መልእክተኛ፣ ለክብር ነበር። ፈረሰኛ ወታደር እርካብ አያውቅም፤ አራት ቀንድ ባለው ኮርቻ ነበር የሚጸናው። ስለዚህ ተራው የሮም ነዋሪ ፈረስን በሙሉ ግርማው የሚያየው በዓል ሲሆን ነው። ያ ደግሞ የዚህን ሁሉ ፍቅር ምንጭ በከፊል ያስረዳል።

ፍቅሩና እርግማኑ

የትልቁ ፕሊኒ የእህት ልጅ፣ ታናሹ ፕሊኒ፣ ይህን ፍቅር ይጠራጠር ነበር። ሰዉ የሚወደው የፈረሱን ፍጥነት ወይም የነጂውን ጥበብ ቢሆን ይገባኛል፤ የሚወደው ግን የልብሱን ቀለም ነው፣ በሩጫው መሐል ቀለም ቢለዋወጡ ደጋፊውም ይዞራል ሲል ጽፏል። ጠንካራ ትችት ነው። ግን ሙሉ እውነት አይመስለኝም።

ማስረጃዬ ከሰሜን አፍሪካ ነው። በዛሬዋ አልጄሪያ፣ ዌድ አትሜኒያ በተባለ ቦታ፣ የአንድ ባለጠጋ መታጠቢያ ቤት ወለል በሞዛይክ ተሠርቶ ነበር። ፈረሶች ይታያሉ፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ስማቸው አለ። ፖሊዶክሱስ ለተባለው "ብታሸንፍም ባታሸንፍም እንወድሃለን" ተብሎ ተጽፎለታል። ቀለም አልተጠቀሰም። ፈረሱ ነው የተወደደው፤ ለዚያውም ሳያሸንፍ ጭምር። የዲዮክለስ ድንጋይ የሚነፍገውን ነገር ይህ ወለል ይሰጣል። ሁለቱን ሳነጻጽር የዌድ አትሜኒያው ጌታ ይበልጥብኛል።

ፍቅሩ ከልክ ሲያልፍም ታይቷል። ካሊጉላ ኢንኪታቱስ ለተባለው ፈረሱ የእብነ በረድ ጋጣ፣ የዝሆን ጥርስ ግርግም፣ ሐምራዊ ልብስና የዕንቁ አንገትጌ ሰጥቶታል። ከሩጫው በፊት ባለው ሌሊት ፈረሱ እንዳይረበሽ ወታደሮች ሰፈሩን ጸጥ ያሰኙት ነበር። ቆንስል፣ ማለትም ከሮም ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ፣ ሊያደርገውም አስቦ ነበር ይባላል። ከዲዮክለስ ጥቂት ቆይቶ የነገሠው ሉኪዩስ ቬሩስ ደግሞ ቮሉከር ለሚባለው ፈረሱ በገብስ ፋንታ ዘቢብና ለውዝ ያበላው ነበር፤ ሲሞትም በቫቲካን መቃብር አሠራለት። ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ለአደን ፈረሱ ለቦሪስቴንስ በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ የመቃብር ግጥም አስቀርጾለታል።

የፍቅሩ ሌላ ፊት ጥላቻው ነው። በሰሜን አፍሪካ፣ በካርታጎና በሀድሩሜቱም፣ በስስ እርሳስ ላይ የተጻፉ እርግማኖች ከመሬት ወጥተዋል። ጠቅልለው መቃብር ውስጥ ነበር የሚጥሏቸው። ከሀድሩሜቱም የተገኘው አንዱ ጋኔንን ይማጸናል፦ የአረንጓዴና የነጭ ቡድን ፈረሶችን አሠቃይልኝ፣ ግደልልኝ፤ ነጂዎቹን ክላሩስን፣ ፌሊክስን፣ ፕሪሙሉስንና ሮማኑስን አጋጭልኝ፣ እስትንፋስ አታስቀርላቸው ይላል። ልመናው የሚጀምረው በፈረሶቹ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ፈረሶቹን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ጉልበታቸውን፣ ሩጫቸውን፣ ነፍሳቸውን እንዲያስርላቸው ይለምናሉ። ዝና ያወጣው ስም እርግማንም ያስከትል ነበር። ፖምፔያኑስን የሚረግም እርሳስ በዲዮክለስ ዘመን ተቀብሮ ቢሆን አይገርመኝም።

በሮም ራሷ ከሰርከሱ የቆየ አንድ ሥርዓት ነበር። በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 15 ቀን በማርስ ሜዳ ባለ ሁለት ፈረስ ሰረገሎች ይሽቀዳደማሉ። የአሸናፊው ሰረገላ የቀኙ ፈረስ ለጦርነት አምላክ ለማርስ ይሠዋል። ጭራው ደሙ ሳይደርቅ ወደ ጥንቱ የንጉሥ ቤት በሩጫ ይወሰዳል። ለጭንቅላቱ የሁለት ሰፈር ሰዎች፣ የሱቡራና የቅዱሱ መንገድ ነዋሪዎች፣ ይጣላሉ። የሚሞተው የተሸነፈው አይደለም፤ ያሸነፈው ነው። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ሮማውያን ለፈረስ ያላቸውን ስሜት ይበልጥ የተረዳሁ መሰለኝ። ክብሩና ሞቱ ለእነሱ አይጣሉም ነበር።

ከሩጫው በኋላ

ዲዮክለስ በሕይወት ወጥቷል። ከሮም ወጣ ብላ በምትገኘው በፕሬኔስቴ ከተማ ልጆቹ ኒምፊዲያኑስና ኒምፊዲያ በአባታቸው ስም ለዕድል አምላክ ያቆሙት ጽሑፍ ተገኝቷል። ቤት ንብረት፣ ልጅ፣ የእርጅና ዘመን። በሙያው ይህን ያገኘ ጥቂት ነው።

ለፈረሶቹ መንገዱ ሌላ ነበር። ጥሩ ስም ያወጣ ፈረስ ለእርባታ ይመለሳል፤ ልጆቹ በእሱ ስም በውድ ይሸጣሉ። ያልቀናው በርካሽ ዋጋ ከጌታ ወደ ጌታ ይዘዋወርና መጨረሻው ወፍጮ ማዞር ይሆናል፤ ዘሩ የቱንም ያህል ቢጠራ። የዘመኑ ገጣሚ ጁቬናል ይህንኑ ጽፏል፤ በፈረሱ አስመስሎ በአባቶቻቸው ስም የሚኮሩ ከንቱ መኳንንትን ለመውቀስ። ምሳሌው የሠራለት ሁሉም አንባቢ እንዲህ ያለ ፈረስ በዓይኑ አይቶ ስለሚያውቅ ነው።

ሕግ የደረሰላቸው ዘግይቶ ነው። በ371፣ ዲዮክለስ ከተወ ከ225 ዓመት በኋላ፣ የወጣ የነገሥታት ሕግ አለ። በሩጫ አደጋ ወይም በዕድሜ የተጎዱ የሰረገላ ፈረሶች ከመንግሥት ጎተራ መኖ እንዲሰጣቸው ያዛል። በዚያው ሕግ ላይ የሂስፓኒያ ዘር ያላቸውን ፈረሶች ቡድኖቹ መሸጥ እንደማይከለከሉም ተጽፏል። መኖው ሠፍሮ ወጣ፤ ገበያውም አልተዘጋም። እኔ ሕጉን ትንሽ ነው ብዬ አልንቀውም። ለማያሸንፍ ፈረስ ግዛቱ ከጎተራው ገብስ ሲቆርጥለት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።